ሳተላይቱ የለካው የምንን ሙቀት ነው? የመሬት ገጽ ሙቀት ለውጥን ከህዋ ስለ ማጥናት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። የሳተላይቶቹ መዛግብት የተያዙት በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ስለሆነ ዓመታቱን ሁሉ በዚያው እጠራለሁ።

ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። ከአሥር ዓመታት በፊት በደቡብ ጎንደር አንድ ወረዳ የመሬት ገጽ ሙቀት እንዴት እንደ ተለወጠ የሚያሳይ ካርታ ሠርቼ ነበር። ሥራው ከባድ አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በጥር ወር የተነሣ አንድ የላንድሳት 5 ምስል ወሰድሁ፤ ከላንድሳት 8 ደግሞ በዚያው በጥር ወር የተነሣ ሌላ ምስል ወሰድሁ፤ ሁለቱን ወደ ሙቀት ቀይሬ አንዱን ከሌላው ቀነስሁ። በሜዳማው የወረዳው ክፍል ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠጋ። ካርታው በቀይ ቀለም ደመቀ። በወረዳው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ባለሙያዎችና አርሶ አደሮች በተሰበሰቡበት ማብራሪያ ሰጠሁ። ባለሙያዎቹ ወዲያው የትኞቹ ቀበሌዎች «በአየር ንብረት ለውጥ ክፉኛ የተጎዱ» ተብለው በዕቅድ ውስጥ ቅድሚያ ይሰጣቸው ወደሚለው ውይይት ገቡ።

በዚህ መካከል አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። «ዶክተር፣ ያ የመጀመሪያው ሥዕል በተነሣበት ዕለት እርሻው ላይ ምን ነበረበት?» አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። «እኔ ልንገርዎት» አሉ። «ያኔ ይህ ዋልካ ሁሉ የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይዘራበት ነበር። በጥር ለምለም ነው። አሁን ጤፍ ይዘራበታል፤ በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ከብት ይለቀቅበታል። በጥር ሄደው ቢያዩት እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው የሚያገኙት።»

የእኔ ካርታ ያሳየው በዋነኛነት የአየር ንብረት ለውጥን አልነበረም። በአመዛኙ የሽምብራን መጥፋት ነበር። ካርታውን ከወረዳው መልሼ ወሰድሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን የጥናት ዘመኔን ያሳለፍሁትም የአዛውንቱን ጥያቄ በተለያየ መልክ ስጠይቅ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ነው፤ ሳተላይቱ «የመሬት ሙቀት» ብሎ የሚሰጠን ቁጥር የምን ሙቀት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት የተለካ እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ሰማይ ሥር እንደ ተለካ።

ከመሠረቱ ልጀምር። ሳተላይት ቴርሞሜትር አይደለም። ላንድሳት በ705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይበርራል፤ አፈሩን ሊነካው አይችልም። የሚደርሰው ጨረር ብቻ ነው። በ1800 ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ከቀዩ ቀለም ባሻገር፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ ያኖረው ቴርሞሜትር ሙቀቱ ከፍ ሲል ተመለከተ። ታህታይ ቀይ የምንለው ጨረር የተገኘው እንዲህ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ማክስ ፕላንክ የአንድን አካል ሙቀትና የሚያመነጨውን ጨረር የሚያያይዘውን ሕግ ሰጠን። በዚህ ሕግ መሠረት 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 300 ኬልቪን ገደማ የሞቀ መሬት ከሁሉ ይበልጥ የሚያመነጨው 9.7 ማይክሮሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለውን ጨረር ነው። ይህም የሁላችንም ገላ፣ የዚህ ወንበር፣ የዚህ ግድግዳ ጨረር ጭምር ነው። ከባቢ አየሩ ከ10 እስከ 12.5 ማይክሮሜትር ባለው ክልል በአንጻራዊነት ክፍት መስኮት ስለሆነ፣ የሳተላይቶቹ የሙቀት ዳሳሾች በአብዛኛው በዚያ መስኮት በኩል ይመለከታሉ።

ጨረሩን ለክቶ ሙቀቱን መመለስ እንግዲህ ቀላል ይመስላል። ግን ሁለት ነገሮች በመሐል ይገባሉ። አንደኛው ከባቢ አየሩ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው ብልም በውስጡ ያለው የውሃ ተን ከመሬት የተነሣውን ጨረር በከፊል ይውጣል፣ የራሱንም ይጨምራል። ሞዲስ የተባለው ዳሳሽ ይህን የሚያርመው እርስ በርስ የሚጎራበቱ ሁለት የሞገድ ክልሎችን በማነጻጸር ነው፤ ተኑ ሁለቱን እኩል ስለማይውጣቸው ልዩነታቸው ራሱ የአየሩን እርጥበት ይናገራል። ላንድሳት 5 እና 7 ግን አንድ የሙቀት መስኮት ብቻ ነበራቸው፤ ስለዚህ የዕለቱን የአየር ሁኔታ ከሌላ ምንጭ ካላመጣን እርማቱ ግምት ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የገጹ ባሕርይ ነው። ሁለት አካላት ሙቀታቸው እኩል ሆኖ ሳለ የሚለቁት ጨረር እኩል ላይሆን ይችላል። አንድ ገጽ በሙቀቱ ልክ ሊለቅ ከሚችለው ጨረር ምን ያህሉን እንደሚለቅ የሚያሳየውን፣ ከ0 እስከ 1 የሚደርሰውን ቁጥር ኢሚሲቪቲ እንለዋለን። የውሃ 0.99 ገደማ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ዕፅዋትም ወደዚያ ይጠጋል፤ ደረቅ ራቁት አፈር ግን ከ0.92 እስከ 0.97 ሊዋዥቅ ይችላል። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል። ከፕላንክ ሕግ ተነሥታችሁ ብታሰሉት ግን በዚህ የሞገድ ክልል በ300 ኬልቪን የ0.01 የኢሚሲቪቲ ስሕተት፣ አየሩ ደረቅ ከሆነ፣ 0.7 ዲግሪ የሚደርስ የሙቀት ስሕተት ያመጣል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያሳተመው የአገሮች የአየር ንብረት መግለጫ የኢትዮጵያ አማካይ የአየር ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 በ1.3 ዲግሪ፣ ማለትም በየአሥር ዓመቱ በ0.28 ዲግሪ ገደማ እንደ ጨመረ ይናገራል። እንግዲህ አስተውሉ። አፈሩን በሁለተኛው አኃዝ ብንሳሳትበት የሃያ አምስት ዓመት ለውጥ የሚያህል ሙቀት ከምንም ፈጥረን እናገኛለን።

ስለ ቆርቆሮ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ይህን የእኛን ከተሞች ጉዳይ ብዙም አያነሡትም። አዲስ የተመታ የቆርቆሮ ጣሪያ ኢሚሲቪቲው ከ0.3 በታች ነው። እኩለ ቀን ላይ እጃችሁን ብታሳርፉበት ያቃጥላችኋል፤ ሳተላይቱ ግን ቀዝቃዛ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ምክንያቱም ከራሱ የሚለቀው ጨረር ጥቂት ሲሆን፣ የቀረው የሚያንጸባርቀው የሰማዩን ነው፤ ጥርት ያለ ሰማይ ደግሞ በዚህ ጨረር ሲታይ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ጣሪያው ዓመታት አልፈውት ሲዝግ ኢሚሲቪቲው እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ሠፈር አንድም ቤት ሳይጨመርበት፣ አየሩም ሳይሞቅ፣ ቆርቆሮው ስለዛገ ብቻ በሳተላይት «ሊሞቅ» ይችላል። የሁሉንም የከተማ ገጽ ኢሚሲቪቲ በአንድ ቁጥር ወስዶ የአዲስ አበባን የሙቀት ለውጥ የሚያሰላ ተማሪ ምን እየለካ እንደሆነ እንዲያስብበት እፈልጋለሁ።

በዚሁ አጋጣሚ «የከተማ ሙቀት ደሴት» የሚለውን ርዕስ ላንሣ፤ በየዓመቱ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይቀርብበታልና። ጽንሰ ሐሳቡ የተወለደው ከተሞቻቸው በለምለም መስክና በደን በተከበቡ አገሮች ነው። የእኛ ከተሞች በየካቲት በምን ይከበባሉ? በታጨደ፣ በታረሰ፣ በደረቀ እርሻ። ደረቅ አፈር ረፋዱ ላይ በፍጥነት ይሞቃል። በዚያ ሰዓት ከከተማው መሐል ይልቅ ዙሪያው ሞቆ ቢገኝ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ምስሉን ከውጭ ከመጣው ሐሳብ ጋር ለማስማማት መጠምዘዝም አያስፈልግም። በመስከረም መጨረሻ፣ መስኩ ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት ወር ብናየው ሥዕሉ ይገለበጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግን ሁለቱም ስለ ከተማው ብቻ አይናገሩም።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ቴራ የተባለው ሳተላይት የተመጠቀው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ በአካባቢው የፀሐይ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እንደገናም ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ እንዲያልፍ ሆኖ። በግንቦት 2002 የተመጠቀው አኳ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልፍ ነበር። ሞዲስ በሁለቱም ላይ አለ። ረፋድ ላይ የመሬቱ ሙቀት በየደቂቃው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ የማለፊያ ሰዓቱ በግማሽ ሰዓት ቢዛነፍ ሙቀቱም አብሮ ይዛነፋል። ይህ የምናብ ሥጋት አይደለም። ላንድሳት 5 ምሕዋሩ ተንሸራቶ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከመደበኛው ሰዓት ቀደም ብሎ የሚያልፍባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ቴራም ነዳጁ እያለቀ በመሄዱ ከ2020 ወዲህ የሚያልፍበት ሰዓት ከዓመት ወደ ዓመት እየቀደመ ነው። ይህን ሳያርም የቴራን የረፋድ ተከታታይ መረጃ እስከ ዛሬ የሚስል ሰው በመጨረሻዎቹ ዓመታት መሬቱ «ሲቀዘቅዝ» ሊያይ ይችላል።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ብርቱ ተማሪዬ ከላንድሳት ምስል ጋር በተያያዘው መረጃ ላይ «7:42» የሚል ሰዓት አየና፣ በእኛ አቆጣጠር አንብቦ፣ ከቀትር በኋላ የተነሣ ምስል ነው ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈ። ሰዓቱ የግሪንዊች ነበር፤ በእኛ ከጠዋቱ 4 ከ42። ሦስት ዓይነት ሰዓት በሚነበብበት አገር የምንኖር ሰዎች የትኛውን ሰዓት እንደ ተጠቀምን በጽሑፋችን ውስጥ አንድ መስመር ብንጨምር አይጎዳንም።

ደመናው ሌላው ችግር ነው። የሙቀት ጨረር ደመናን አያልፍም። ስለዚህ የሳተላይቱ መዝገብ የጥርት ቀናት መዝገብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በደጋው ላይ እንዲህ ያሉ ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ባለሙያው «የነሐሴ አማካይ» ብሎ የሚያቀርበው ቁጥር ሰማዩ ድንገት የተከፈተባቸው የሦስት ወይም የአራት ቀናት አማካይ ሊሆን ይችላል። ጥርት ባለ ቀን መሬቱ ከደመናማው ቀን ይልቅ ይሞቃል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ውርጭ የሚጥለውም በዚያው ሌሊት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ደመናው ቢበዛ ወይም ቢያንስ የሙቀቱ አዝማሚያ በዚያ ብቻ ሊለወጥ ይችላል። እኔ በበኩሌ የክረምቱን ወራት የቀን መረጃ ለአዝማሚያ ጥናት አልጠቀምበትም። ባልደረቦቼ በዚህ ሁሉም አይስማሙም፤ ደመናውን በስሌት መሙላት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን የተሞላው ክፍል የስሌቱ እንጂ የመሬቱ ምስክርነት አይደለም።

እስካሁን ስሕተትን ነው የዘረዘርሁት። አሁን ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ ቁጥሩ ምን እንደሚነግረን ልናገር፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና።

የሜትዮሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር ነጭ ቀለም በተቀባና ነፋስ በሚያልፍበት ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የሚለካው አየሩን ነው። ሳተላይቱ የሚለካው ቆዳውን ነው፤ የአፈሩን፣ የቅጠሉን፣ የድንጋዩን የላይኛ ገጽ። እኩለ ቀን ላይ በደረቅ ራቁት መሬት በሁለቱ መካከል ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው። በ2005 ሞዲስ በኢራን የሉት በረሃ 70.7 ዲግሪ ለክቷል፤ በጣቢያ ከተመዘገቡት የአየር ሙቀቶች ሁሉ ከፍተኛ ተብሎ የተያዘው የካሊፎርኒያው የሞት ሸለቆ ልኬት ግን 56.7 ዲግሪ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ ማስፈር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መደባለቅ ነው።

የቆዳውን ሙቀት የሚወስነው ከሁሉ በላይ ውሃ ነው። የፀሐይ ኃይል መሬት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ውሃ ያተንናል፣ ከፊሉ አየሩንና አፈሩን ያሞቃል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለማትነን 2.45 ሜጋጁል ገደማ ያስፈልጋል። ከአንድ ሄክታር ለምለም እርሻ በቀን 4 ሚሊሜትር ቢተን 40 ቶን ውሃ ነው፤ ለዚያ የዋለው ኃይል ሁሉ መሬቱን ከማሞቅ ተርፏል ማለት ነው። ውሃው ሲጠፋ ያ ኃይል ወደ ሙቀት ይዞራል። የአዛውንቱ ሽምብራ ሥራው ይኸው ነበር።

ለዚህ ነው የቀን የመሬት ገጽ ሙቀት ከአየር ንብረት መለኪያነቱ ይልቅ የመሬት አያያዝና የእርጥበት መለኪያነቱ የሚበልጠው። ይህን ከተቀበልን ሳተላይቱ ድንቅ መሣሪያ ይሆናል። መተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃ ሐይቅ እንውሰድ። በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ የግጦሽ መሬት ውጧል፣ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን አስቸግሯል። በሙቀት ምስል ላይ ውሃው የሸፈነው ቁጥቋጦና ላቫ በቀን በብዙ ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ በሌሊት ደግሞ ሞቆ ይታያል፤ ውሃ ሙቀትን በዝግታ ይቀበላል፣ በዝግታም ይመልሳል። በዚያ ቦታ የቀኑን ምስል ብቻ ያየ ሰው «ቀዘቀዘ» ይላል፤ የሌሊቱን ብቻ ያየ «ሞቀ» ይላል። የአየር ንብረቱ ግን ለአንዱም ምክንያት አይደለም።

ወይም ወደ አዊ እንሂድ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች አሲዳማ ሆኖ ምርት ያልሰጠ መሬታቸውን ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክለውበታል። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ይተከላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል። ዛፉ በበጋም ቅጠሉን ስለማይጥል፣ በጥር ቢጫ በነበረው መስክ ምትክ የሚተነፍስ ሽፋን አለ፤ ገጹ በቀን ይቀዘቅዛል። የዚህ ሥርዓት ሙቀት ግን ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ ዑደት ነው። በተቆረጠበት ዓመት ይሞቃል፣ በሦስተኛው ዓመት ይቀዘቅዛል። ሁለት ምስል ብቻ ወስዶ የሚያነጻጽር ሰው ከዑደቱ የትኛውን ሁለት ነጥብ እንደሚይዝ ዕጣ ነው። አንዱ «ዛፍ መትከል አካባቢውን አቀዘቀዘ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው በዚያው ወረዳ «መሞቅ ቀጠለ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም በስሌታቸው አልተሳሳቱም።

የሁለት ምስል ንጽጽር ሌላም ስውር ወጥመድ አለው። ላንድሳት 5 የተመጠቀው በመጋቢት 1984 ነው፤ በዚያው ዓመት በአገራችን ምን እንደ ነበር ለማንም መንገር አያስፈልገኝም። ብዙዎቹ ጽሑፎቻችን «መነሻ ዓመት» አድርገው የሚይዙት ከ1984 እስከ 1986 ያለውን ነው፤ ምስሉ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ብቻ። በድርቅ የተቃጠለ መሬት ሞቃት ነው። ከእርሱ ጋር ጥሩ ዝናብ የዘነበበትን ዓመት ያነጻጸረ ሰው እውነተኛውን መሞቅ ይሸፍናል፤ መድረሻውን 2015 ላይ፣ በኤልኒኞው ድርቅ ላይ ያደረገ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይጽፋል።

የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝና ስለ ራሳችን ቤት ልናገር። ሁለት ምስል፣ የዕፅዋት ልምላሜ መጠን፣ የሁለቱ ተዛምዶ፣ መደምደሚያ፤ ይህ ቅርጽ ከወረዳ ወደ ወረዳ እየተገለበጠ ነው። ልምላሜ ሲቀንስ ሙቀት ይጨምራል የሚለው ውጤት እርጥበት ባጠረበት ቦታ ከመጀመሪያውም የሚጠበቅ ነው፤ ለማግኘት ዲግሪ አያስፈልግም። እኔም ያንኑ ቅርጽ ስላስተማርሁ ተወቃሹ ተማሪው ብቻ አይደለም። የላንድሳት መዝገብ በ2008 በነጻ ሲከፈት አንድ ምስል መግዛት ያቅተን የነበርን ሰዎች ድንገት ሺዎችን አገኘን፤ ያኔ ከሺዎቹ ሁለት መርጠን መቀመጣችን ይቆጨኛል።

ታዲያ የአየሩን መሞቅ ከህዋ ማየት አይቻልም ወይ? በከፊል ይቻላል፤ መንገዱ ሌሊቱ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ የአፈሩና የአየሩ ሙቀት ይቀራረባሉ። በ2010 የወጣ፣ በአፍሪካ ልዩ ልዩ ሥርዓተ ምህዳሮች የሞዲስን ልኬት ከጣቢያዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት የሌሊቱ የመሬት ገጽ ሙቀት ለዕለቱ ዝቅተኛ የአየር ሙቀት ጥሩ ግምት እንደሚሰጥ፣ የቀኑ ግን ለከፍተኛው የአየር ሙቀት እንደማይታመን አሳይቷል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ጣቢያዎቻችን በአብዛኛው በከተሞችና በመንገድ ዳር ናቸው፤ በገደሉ ማዶ ባለው ቀበሌ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሚነግረን ቴርሞሜትር የለም።

የሌሊቱ ሙቀት ለምን ያሳስበናል? የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ የሚያድግበት ፍጥነት በሙቀት የተገደበ ነው፤ ደጋውን ከወባ የጠበቀው ብርዱ ነበር። በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት ዙሪያና በኮሎምቢያ ደጋማ ስፍራ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ላይ፣ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አመልክቷል። የአልጋ አጎበርና መድኃኒት ለየትኛው ቀበሌ ቀድሞ ይድረስ የሚለውን የሚወስን ባለሙያ የሌሊት ሙቀት ካርታ ቢጠይቀን፣ የቀን ካርታ አሳምረን ብንሰጠው እንጎዳዋለን። ሽምብራ ወደ ጤፍ የተለወጠበትን ሜዳ «ለወባ የተጋለጠ» ብለን ቀይ እንቀባለን፤ በተራራው ወገብ ላይ ሌሊቱ በእውነት የሞቀበትን መንደር ደግሞ እንዘልለዋለን።

በተግባር እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከ2003 ወዲህ ያለውን የአኳን የሌሊት መረጃ ለእያንዳንዱ ወር ለብቻው እወስዳለሁ፤ የእያንዳንዱን ወር ጥር ከጥሮች፣ ግንቦት ከግንቦቶች ጋር እንጂ ወራቱን ደባልቄ አላነጻጽርም። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስንት ጥርት ሌሊት እንደ ተቆጠረ አብሬ እይዛለሁ፤ ከጥቂት ሌሊት የተገኘውን እጥለዋለሁ። ሽፋኑ የተለወጠበትን ፒክስል ካልተለወጠው እለያለሁ። እዚህ ላይ የእይታው መጠን ይፈትናል፤ የሞዲስ አንድ ፒክስል አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር፣ 100 ሄክታር ነው። በጎጃምና በጎንደር ኮረብቶች ላይ የምናውቃቸው የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም፤ ለሞዲስ የሉም። ላንድሳት 8 በሙቀት መስኮቱ 100 ሜትር ስለሆነ ያያቸዋል፤ ግን በ16 ቀን አንዴ፣ ከረፋዱም ብቻ። ዝርዝሩንና ሌሊቱን አንድ ላይ የሚሰጥ መደበኛ መዝገብ ገና የለንም።

ከዚህ በተጨማሪ ጣናን ምስክር አደርገዋለሁ። የውሃ ኢሚሲቪቲ የታወቀ ነው፤ ሐይቁም በቂ ስፋት አለው። ሁለት ምስል ሳነጻጽር መጀመሪያ የማየው ሐይቁን ነው፤ እምቦጭ ከሚደርስበት ዳርቻ ርቄ፣ መሐሉን። መሬቱ በ3 ዲግሪ ሞቀ የሚለኝ ምስል ጣናንም በ3 ዲግሪ ካሞቀው፣ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የከባቢ አየር እርማቴን ነው። በእርግጥ ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስና ወቅት ይለዋውጡታል፤ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ምስክር ነው የምሰማው። ይህን ፈተና በአሮጌው ካርታዬ ላይ ባደርገው ኖሮ ሐይቁ ያን ያህል አለመሞቁን አይ ነበር፤ ነገሩ ከሰማይ ሳይሆን ከእርሻው እንደሆነም ያን ጊዜ እጠረጥር ነበር።

ካርታውን ከመለስሁ በኋላ ለዚያው ወረዳ ያደረስሁት ሌላ ካርታ ነው፤ በጥር አፈሩ ራቁቱን የሚቀርበት የት የት እንደሆነ የሚያሳይ። ርዕሱ ላይ «የአየር ንብረት» የሚል ቃል የለበትም። የእርሻ ባለሙያዎቹ ከክረምቱ በተረፈ እርጥበት ሽምብራ ሊመለስባቸው የሚችሉ ማሳዎችን ለመለየት እንደሚጠቅማቸው ነገሩኝ። ተማሪዎቼ ወደ መስክ ሲወጡ በሚይዙት ቅጽ ላይም ከቦታው መገኛና ከከፍታው በፊት፣ የባለ ማሳውን ቃል የሚጽፉበት አንድ ረድፍ አለ፤ «ምስሉ በተነሣበት ዕለት እርሻው ላይ ምን ነበረበት?» ይላል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።